ጎደሎ ስለምንለው ቁጥር

ቁጥር ማንንም አይወድም፤ ማንንም አይጠላም። ሁለትና ሁለት በባለጸጋ ቤት አራት እንደ ሆነ፣ በድኻ ቤትም አራት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሒሳብ ትምህርት ከግብረ ገብ ጋራ አንዳች ዝምድና የለውም ብሎ ያስባል። እኔም በወጣትነቴ እንደዚሁ አስብ ነበር። ነገር ግን ወደ አርባ ዓመት ያህል በታችኛው ክፍል ጠመኔ ይዤ ስቆም፣ ከሁሉ ይልቅ ያፈርሁበትን ቀን ያገኘሁት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ያን ቀን ለመጻፍ ብዙ ዘመን አመነታሁ። አሁን ግን ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሰው ጥፋቱን ራሱ ካልተናገረው፣ ጥፋቱ ለማንም ሳይጠቅም አብሮት ይቀበራል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው በሐዋሳ ሐይቅ ደቡብ በኩል በምትገኘው በቡሹሎ ነው። ቡሹሎን ብዙ ሰው የሚያውቃት እናቶችና ሕፃናት በሚታከሙበት ጤና ጣቢያዋ ነው። እኔ ግን የማውቃት በልጆቿ ነው። በቅርቡ አንድ ማታ የልጅ ልጄ ደብተሩን ይዞ መጣና፣ «አባባ፣ ተጋማሽ ቁጥርና ኢተጋማሽ ቁጥር ምንድን ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከጓዳ አንድ እፍኝ ቦሎቄ አመጣሁለትና ሁለት ሁለት እያደረገ እንዲደረድር ነገርሁት። ሁሉም ጓደኛ ካገኘ ቁጥሩ ተጋማሽ ነው፤ አንድ ብቻዋን ከቀረች ኢተጋማሽ ነው አልሁት። ልጁ ደርድሮ ሲጨርስ አንዲት ቦሎቄ ተረፈች። እሱም፣ «ይህችን የት ላድርጋት?» አለኝ። የምመልሰው ጠፍቶኝ ጥቂት ዝም አልሁ። እርሱ ስለ ቦሎቄ ጠየቀ፤ እኔ ግን የሰማሁት ስለ ሰው ነበር።

ትምህርቱ ራሱ እጅግ ቀላል ነው። መምህሩ ልጆቹን በቃል ከማስጠናቱ በፊት፣ ቆርኪም ይሁን ስንጥር፣ ባቄላም ይሁን ጠጠር፣ በእጃቸው እንዲያጣምሩ ያደርጋል። በኋላም የቁጥሩን መጨረሻ ብቻ አይተው እንዲለዩ ያስተምራቸዋል፤ መጨረሻው 0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8 ከሆነ ተጋማሽ ነው፤ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 ከሆነ ኢተጋማሽ ነው። ጎበዝ ልጅ፣ «ዜሮስ?» ብሎ ይጠይቃል። ዜሮም ተጋማሽ ነው፤ ለሁለት ሰዎች ምንም ሳይሰጡ ቢያካፍሉ የሁለቱም ድርሻ እኩል ነው፤ የሚተርፍም የለም። ሁለት ባዶ እጆች እኩል ናቸው ብዬ ስነግራቸው ልጆቹ ይሥቁ ነበር።

በእኛ ዘመን ግን ተጋማሽና ኢተጋማሽ አንልም ነበር። ክፍል ውስጥ የምንለው «ሙሉ» እና «ጎደሎ» ነበር። ስምንት ሙሉ ነው፤ ሰባት ጎደሎ ነው። ቃሉን ከመምህሮቼ ሰምቼው ስለ ነበር፣ ምን እንደሚል አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አላሰብሁበትም።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ጠዋት ደወል ሲደወል እጅ ለእጅ ተያይዘን ሁለት ሁለት ሆነን ወደ ክፍል እንገባ ነበር። መምህሬ ደግ ሰው ነበሩ፤ አንድ ልጅ ብቻውን ሲቀር እርሳቸው እጁን ይይዙት ነበር። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ነገር ግን ልጅ የመምህሩን ሥርዐት ቶሎ ይማራል፤ የሥርዐቱን ምክንያት ግን ዘግይቶ ያውቃል። እኔም መምህር በሆንሁ ጊዜ ሁለት ሁለት ማሰለፉን ወሰድሁ፤ እጅ መያዙን ግን ረሳሁ።

ማስተማር የጀመርሁት በ1973 ዓመተ ምሕረት ነው። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገና አልበረደም ነበርና፣ በየገጠሩ አባትም ልጅም ፊደል ይቈጥር ነበር። በ1976 እዚሁ አገር ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል መምህር ነበርሁ። በስም ጥሪው መዝገብ ላይ አርባ ሦስት ልጆች ነበሩ። አብዛኞቹ በቤታቸው የሚናገሩት ሲዳምኛ ነው፤ እኛ የምናስተምረው ግን በአማርኛ ነበር። ስለዚህ የምላቸው ቃል ሁሉ ለእነርሱ አዲስ ነው፤ እኔ የሰጠሁትን ትርጉም ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ሙሉና ጎደሎን ለማስተማር ልጆቹን ወደ ሜዳ አወጣሁና፣ «ሁለት ሁለት ሆናችሁ እጅ ለእጅ ተያያዙ» አልኋቸው። ሁሉም ሮጦ ወዳጁን ያዘ። አርባ ሦስት ነበሩና አንድ መትረፍ ነበረበት፤ የተረፈችውም በዳር የቆመች አንዲት ቀጭን ልጅ ናት። እኔም ትምህርቴ እንዳሰብሁት ስለ ሆነልኝ ደስ ብሎኝ፣ በያዝሁት በትር ወደ እርሷ አመለከትሁና፣ «አያችሁ? ጎደሎ ማለት ይህ ነው» አልሁ። ልጆቹ ሣቁ። እርሷ አልሣቀችም፤ አላለቀሰችምም። እግሯን ብቻ ትመለከት ነበር።

በማግሥቱም እንደዚያው አደረግሁ፤ የተረፈችው ያችው ልጅ ናት። በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ ታሞ ቀረ። አርባ ሁለት ሆኑ፤ እንግዲህ ማንም አይተርፍም ብዬ ጠበቅሁ። ነገር ግን ሰልፉ ሲያልቅ ሁለት ልጆች ተለያይተው ቆመው አየሁ፤ አንዷ ያችው ናት፤ ሁለተኛው ሁለት እጆቹን ከጀርባው የደበቀ አንድ ወንድ ልጅ ነው። «ለምን እጇን አትይዝም?» አልሁት። «ጋሼ፣ እነርሱ እኮ ሸክላ ይሠራሉ» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ቁጥሩ ተጋማሽ ነበር፤ ልጆቹ ግን አልተጋመሱም። ያን ጊዜ ልጅቷን ያስቀራት የቁጥር ሕግ አለመሆኑን ማወቅ ነበረብኝ። እንዲያውም አውቄዋለሁ። እኔ የተወለድሁት በዚህ አገር ነው፤ ሸክላ ከሚሠሩ ሰዎች ጋራ ገበታ እንደማይቀረብ፣ ጋብቻም እንደማይደረግ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ወጡን በእነርሱ ድስት እንሠራለን፤ ቡናውን በእነርሱ ጀበና እናፈላለን፤ እጃቸውን ግን አንጨብጥም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ሰዓት ስለ ረፈደብኝ፣ «እሺ፣ ዛሬ እንደዚሁ ይሁን» ብዬ ልጆቹን ወደ ክፍል አስገባሁ። ክፉ ሥራ ሁልጊዜ በቍጣ አይሠራም፤ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው እንደዚህ በችኮላ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ልጅቷ ቀረች። ስሟን እጠራለሁ፤ «የለችም» ይሉኛል። በሳምንቱም የለችም። ሁለት ሁለት ሆነው ሲሰለፉ ግን ሰልፉ ቀና፤ ማንም አልተረፈም፤ ማንም እጁን አልደበቀም። እውነቱን ለመናገር ሰልፉን አይቼ ደስ አለኝ። ያን ጊዜ ያ እጆቹን ደብቆ የነበረው ልጅ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ አሁን ሙሉ ሆንን?» አለኝ።

«አዎን» ልለው አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ ግን ከጉሮሮዬ አልወጣም። ልጁ ያስተማርሁትን በትክክል ተምሯል። አንዲት ሕፃን ስትጠፋ እኛ ሙሉ ሆንን። ከዚህ የበለጠ ፈተና ለመምህር አይመጣም፤ እኔም ወድቄበታለሁ።

ቅዳሜ ከቤቷ ሄድሁ። ቤታቸው ከሐይቁ ብዙም አይርቅም ነበር። በደጁ ያልተተኰሱ ማሰሮዎችና ጀበናዎች በጥላ ተደርድረው ይደርቃሉ። እናቲቱ የገበያ ቀን ደርሶባት አህያ ትጭን ነበር። በሲዳማ ጥንታዊ አቈጣጠር ሳምንቱ አራት ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶና ቀዋላንካ ይባላሉ፤ ገበያም የሚዞረው በእነዚሁ ቀኖች ነው። እኔ ቆሜ ሳይ ሁለት ማሰሮ በቀኝ፣ ሁለት ማሰሮ በግራ አሰረች። አምስተኛዋን ከላይ ከመሀል አኖረቻትና በገመድ አጠበቀቻት። ነገር መጀመሪያ ስላጣሁ፣ «ይህችኛዋ ትርፍ አይደለችም?» አልኋት።

«የለም መምህር፣ ትርፍ አይደለችም» አለችኝ፤ «ሁለቱን ወገን አጣብቃ የምትይዘው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ጭነቱ ያጋድላል።»

ከዚያም ገመዱን እየቋጠረች፣ ወደ እኔ ሳትመለከት፣ «ልጄ ከትምህርት ቤት፣ ጎደሎ ነሽ ተባልሁ ብላ መጣች» አለችኝ። «ቃሉን አላውቀውም ነበርና ጎረቤት ጠየቅሁ። ምን ጎደላት ብዬ ጣቶቿን ቈጠርሁ። ሚቶ፣ ላሜ፣ ሳሴ ብዬ እስከ ቶኔ ደረስሁ። ዐሥር ናቸው፤ አንድም አልጐደለም።»

ይህን ስትናገር በድምፅዋ ቍጣ አልነበረም። ተቈጥታ ቢሆን ኖሮ መልስ አገኝ ነበር። እኔም ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ልጅቷ ሰኞ እንድትመጣም ለመንኋት። እናቲቱ ጥቂት አሰበችና፣ «የምትቆምበት ቦታ ካላት ትመጣለች» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት ቤት ሥራ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ ቃል የሚበልጥ ግን አላገኘሁም። ትምህርት ቤት ማለት ለእያንዳንዱ ልጅ የሚቆምበት ቦታ ያለበት ቤት ማለት ነው።

እሑድን ሙሉ ቀን ስለዚያች አምስተኛ ማሰሮ ሳስብ ዋልሁ። ሰኞ ልጅቷ መጣች፤ አርባ ሦስት ሆንን። ወደ ሜዳ አወጣኋቸውና በአንድ ረድፍ አሰለፍኋቸው። «መካከለኛው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከሁለት ወገን እየቈጠሩ መጡ፤ ከቀኝ ሃያ አንድ፣ ከግራ ሃያ አንድ፣ በመካከል አንድ። በመካከል የቆመችው እርሷ ነበረች፤ እዚያ ያቆምኋት እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። ቀጥሎ ከዳር አንድ ልጅ አስወጣሁና መካከለኛውን እንደገና እንዲፈልጉ አዘዝኋቸው። አርባ ሁለት ሲሆኑ መካከለኛ ጠፋ፤ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ቆመው፣ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ተባባሉ። ያን ጊዜ፣ «ልጆቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ቁጥር ጎደሎ አንለውም። መካከል ያለው ቁጥር ነው» አልኋቸው። ይህም ሽንገላ አይደለም፤ ትክክለኛ ሒሳብ ነው። ኢተጋማሽ ቁጥር ሁሉ መካከል አለው፤ ተጋማሽ ቁጥር ሁሉ መካከል የለውም።

ከዚያም ክብ ሠርተን እጅ ለእጅ እንድንያያዝ አደረግሁ። በክብ ውስጥ ሰዎቹ ተጋማሽ ቢሆኑም ኢተጋማሽ ቢሆኑም ማንም አይተርፍም፤ እያንዳንዱ ሰው ሁለት እጅ አለውና የእጆች ቁጥር ሁልጊዜ ተጋማሽ ነው። እኔ በልጅቷ ቀኝ ገብቼ እጇን ያዝሁ። በግራዋ የቆመው ያ ልጅ ነበር። ክቡ ሁሉ ተያይዞ በእነርሱ ሁለት መካከል ብቻ ተከፍቶ ቀረ። እኔም አላዘዝሁትም፤ አልገሠጽሁትምም፤ ጠበቅሁት። ጊዜው ረዘመብኝ። በመጨረሻ ሁለት ጣቱን ብቻ ሰጣት። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም።

በዚያ ቀን የአገሩ ልማድ ፈረሰ ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ አባት መጥቶ፣ ልጄን ከማን ጋራ እጅ ታያይዛለህ ብሎ ተቈጥቶኝ ሄደ። ልጅቷ ግን አልቀረችም፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማረች። ከዚያ በኋላ ቤተ ሰቧ ወደ ሌላ ስፍራ ስለ ሄደ ዳግመኛ አላየኋትም። ይቅርታዬን የሰጠሁት ለእናትዋ ነበር፤ ለራሷ ለልጅቷ አንድ ቀን እንኳ «በድዬሻለሁ» አላልኋትም። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ ይጐድላል ብዬ ፈራሁ። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የጐደለው እርሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቁጥር ባሰብሁ ቍጥር፣ ጎደሎ የምንለው ነገር ሁሉ በእውነት ጎድሎ እንደማይገኝ ተረዳሁ። ሰባት ሁለት እኩል አይከፈልም፤ ሊቃውንቶቻችን ግን ፍጹም ቁጥር ይሉታል። ቡና ሲፈላ አቦልና ቶና ጠጥቶ የሚነሣ እንግዳ አይመሰገንም፤ ሦስተኛዋ በረካ ናት፤ ምርቃቱም ያለው ከእርሷ ላይ ነው። ድስት የሚጣድባቸው ጉልቾች ሦስት ናቸው፤ በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም ሦስቱን ሁሉ ይነካል፤ አራተኛ ቢጨመር ግን አንዱ ዝቅ ባለ ጊዜ ድስቱ ይወዛወዛል። በጥንት ዘመን በግሪክ አገር የነበሩ የፒታጎራስ ተከታዮች ደግሞ ኢተጋማሹን ከመልካም ነገር ወገን ይመድቡት ነበር። ሌላም ደስ የሚል ነገር አለ፤ ኢተጋማሾችን ከአንድ ጀምሮ በተራ ቢደምሩአቸው፣ 1 እና 3 አራት ይሆናል፤ 5 ሲጨመር ዘጠኝ ይሆናል፤ 7 ሲጨመር ዐሥራ ስድስት ይሆናል፤ እነዚህም በቦሎቄ ቢደረደሩ አራት ጎኑ እኩል የሆነ ካሬ ይሠራሉ። ሁለት ኢተጋማሾች ሲገናኙም ድምራቸው ሁልጊዜ ተጋማሽ ነው፤ ብቻውን የቀረ ሰው ብቻውን የቀረ ሌላ ሰው ሲያገኝ ጥንድ ይሆናሉና።

ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት «ጎደሎ» በሚለው ፈንታ «ኢተጋማሽ» መባሉ ደስ ያሰኘኛል። በ1986 ዓመተ ምሕረት ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ ወዲህም የታችኛው ክፍል ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ጀመሩ፤ ዛሬ እናት ልጅዋ ይዛ የመጣችውን ቃል ለመረዳት ጎረቤት መጠየቅ አይኖርባትም። ነገር ግን ቃል ስለ ተለወጠ ብቻ ልብ አይለወጥም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከተነገረ ሰባ ስድስት ዓመት በኋላ፣ የስምንት ዓመት ልጅ በእኔ ፊት እጆቹን ከጀርባው ደበቀ። አዋጅ አፍን ይዘጋ ይሆናል፤ እጅን የሚዘረጋው ግን አጠገብ የቆመ ሰው ነው።

እንግዲህ እናንተ በታችኛው ክፍል የምታስተምሩ ወጣቶች፣ ከአንድ ሽማግሌ መምህር ይህን ስሙኝ። ሕፃን የምታስተምሩትን ብቻ አይማርም፤ እያስተማራችሁ የምታደርጉትንም ይማራል። በምሳሌነት ልጅን ከማቆማችሁ በፊት በእርሱ ቦታ ራሳችሁን አቁሙ። የምትጠቀሙበትን ቃል ደግሞ እናቱ ብትሰማው ምን ትላለች ብላችሁ መርምሩት። ሰልፋችሁ እጅግ ቀና ባለ ቀንም መዝገባችሁን ክፈቱና፣ ማን ስለ ቀረ ነው የቀናው ብላችሁ ጠይቁ።

የልጅ ልጄ ያን ማታ መልሴን እየጠበቀ ነበር። የተረፈችውን ቦሎቄ ከእጁ ወሰድሁና በሁለቱ ረድፍ መካከል አኖርኋት። «ከዚህ» አልሁት። እርሱም ጥቂት አይቷት፣ ሌላ እፍኝ ቦሎቄ ሊያመጣ ወደ ጓዳ ሄደ።